ፎጣ ይዤ የሄድኩባት ከተማ

ጉልበቴ ከደብረ ብርሃን ብርድ ጋር ከተጣላ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በሽመና ሥራ መካኒክ ሆኜ ሠላሳ አንድ ዓመት በሦስት ፈረቃ ኖሬያለሁ፤ እኔ ጡረታ ስወጣ ጉልበቴም አብሮኝ ጡረታ ጠየቀ። ሸንኮራ ዮሐንስ ሁለት ጊዜ ወርጄ ተጠምቄያለሁ። አዲስ አበባ ፍልውሃ ገብቼ የጣቶቼ ቆዳ እስኪጨማደድ ተዘፍዝፌያለሁ። ስለዚህ በውሃ ጉዳይ አስተያየት ስሰጥ እንደ ጀማሪ እንዳትቆጥሩኝ።

አስተያየቴ ስለ አንዲት የፖላንድ ከተማ ነው። ልጄ ካቶቪትሴ በምትባል ከተማ ይኖራል። ባለፈው ጥቅምት ትኬት ልኮልኝ እሱ ዘንድ አንድ ወር ቆይቼ መጣሁ። ከተመለስኩ ወዲህ ጠባሴ ቡና ልጠጣ በተቀመጥኩ ቁጥር «ፍልውሃው እንዴት ነበር?» የሚለኝ ሰው በዛ። ለእያንዳንዱ ስተርክ ቡናዬ እየቀዘቀዘ ስለተቸገርኩ፣ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከካርታ ነው። ልጄ የሚኖርበትን አገር ሲያሳየኝ በአንዳንድ ከተሞች ስም ጫፍ ላይ «ዝድሩይ» የሚል ቃል ተቀጥሎ አየሁ። ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቀው ምንጭ ማለት ነው፣ ሰው ለመታከም የሚሄድበት ውሃ ያለበት ቦታ ሲሆን ይቀጠላል አለኝ። ወዲያው ጉልበቴ ጆሮውን አቆመ። ከስሞቹ መካከል በትልቅ ፊደል የተጻፈውን መረጥኩ፤ ትልቅ ከተማ ትልቅ ምንጭ ይኖረዋል የሚል ሒሳብ ይዤ ነው። ስሙ ያስትሼምብዬ-ዝድሩይ ይባላል። የፊተኛው ቃል ከጭልፊት ጋር ይዛመዳል። አጠራሩን የያዝኩት በሦስተኛው ሳምንት ሲሆን፣ የፊት ጥርስ የጎደለው ሰው ባይሞክረው ይሻላል።

«አባዬ፣ እዚያ አሁን ውሃ ያለ አይመስለኝም። የድንጋይ ከሰል ከተማ ናት» አለኝ።

«ስሟ ምንጭ ሆኖ እንዴት ውሃ አይኖርም?»

«ደብረ ብርሃን መብራት ሲጠፋ ስሟ ይቀየራል እንዴ?»

ምላሱን ከእናቱ ነው የወረሰው። መልስ አልሰጠሁትም። ፎጣዬን፣ ነጠላ ጫማዬን፣ ውሃ የምቀዳበት ሁለት ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ በቦርሳ ከተትኩ፣ የመንዝ በርኖሴን ደረብኩና ቅዳሜ ጧት ተነሣን። ቅዳሜ የሆነው ልጄ ከሥራ የሚያርፍበት ቀን ስለሆነ ነው። ይህን ቅዳሜ የሚለውን ነገር ያዙልኝ።

ከመጓጓዣው ልጀምር። ሰማንያ ሺህ ገደማ ሰው ወደሚኖርባት ከተማ በባቡር እንሄዳለን ብዬ ነበር፤ አውሮፓ አይደል? ለካስ ከ2001 ጀምሮ (ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የመንገደኛ ባቡር አይገባባትም። ሐዲዱ የነበረበት መንገድ ተስተካክሎ የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ድንበሩ ቅርብ ስለሆነ ብስክሌተኞቹ እየነዱ ቼክ ሪፐብሊክ ድረስ ይሻገራሉ አሉ። እኛ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ገደማ ተጓዝን። አውቶቡሱ በተባለው ደቂቃ ተነሥቶ በተባለው ደቂቃ ደረሰ፤ ረዳት የለም፣ ትርፍ ሰው የለም፣ በየመንደሩ «ወራጅ አለ» የሚል የለም። መቀመጫው ግን በርኖስ ለለበሰ ሰው አልተሠራም። ጣርማ በርን በሚኒባስ መሐል ወንበር ላይ የተሻገርኩባቸውን ዓመታት አስታወሰኝ።

እንደወረድን በቀጥታ ወደ መናፈሻው ሄድን፤ ፓርክ ዝድሮዮቪ፣ የምንጭ መናፈሻ ማለት ነው። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፦ ቦታው ውብ ነው። ዛፎቹ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ መንገዱን ሸፍኖታል፣ አግዳሚ ወንበር በሽ ነው። ጉልበት ለሚያመው ሰው በየሃምሳ እርምጃው የሚያርፍበት ቦታ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። መሐሉ ላይ «ዶም ዝድሮዮቪ»፣ የምንጭ ቤት የሚባለው አሮጌ ሕንፃ ቆሟል። እኔም ፎጣዬን ከቦርሳው አውጥቼ በትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ገባሁ።

የባህል ማዕከል ነው። ሙዚቃና ስብሰባ። በሩ አጠገብ የነበረችው ሴት ፎጣዬን አየች፣ ልጄን አየች፣ እንደገና ፎጣዬን አየች። ልጄ በፖላንድኛ ምን እንዳላት አላውቅም፤ ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። «ሠላሳ ዓመት ዘግይተዋል» አለች። ለዚህ ትህትናዋ ሙሉ ነጥብ ሰጥቻታለሁ።

ታሪኩን ቁጭ ብለን በልጄ አስተርጓሚነት እንደተረዳሁት ላጫውታችሁ። ያ አገር በፕሩስያ ሥር በነበረበት ጊዜ፣ በ1850ዎቹ መጨረሻ፣ ሰዎች የድንጋይ ከሰል እንፈልጋለን ብለው መሬት ሲቆፍሩ ጨዋማ ውሃ ገነፈለባቸው። ሲመረመር አዮዲንና ብሮሚን ያለበት፣ ለቁርጥማት የሚሆን ውሃ ሆኖ ተገኘ። ፌሊክስ ፎን ኮኒግስዶርፍ የሚባል ኮንት (እኛም በአንኮበር ዘመን ኮንት አንቶኔሊ እንደምንለው ዓይነት መሳፍንት ነው) መንደሩን ገዝቶ በ1860ዎቹ መጀመሪያ መታጠቢያ ቤት፣ ማረፊያና መናፈሻ ሠራ፤ መንደሩንም በራሱ ስም አስጠራ። በ1890ዎቹ ደግሞ ሚኮዋይ ቪትቻክ የሚባል ሐኪም ገዛው፤ እሱና ቤተሰቡ የመታከሚያውን ቦታ አስፋፉት። በ1922 አካባቢው ወደ ፖላንድ ተጠቃለለ። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ቁርጥማት የያዘው ሁሉ የሚጎርፍበት፣ ነዋሪው ግን ጥቂት ሺህ ብቻ የሆነ መንደር ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ተቆፈረ። በዚህ ጊዜ ፊት የጠፋው የድንጋይ ከሰል ተገኘ፤ ያውም ብረት ለማቅለጥ የሚፈለገው ምርጡ ዓይነት። የመጀመሪያው ማዕድን በ1962 ሥራ ጀመረ፣ በ1963 መንደሩ ከተማ ተባለ፣ ከዚያ አንዱ ማዕድን ሌላውን እየተከተለ መጣ። ከመላው ፖላንድ ወጣቱ ሥራና አፓርታማ ፍለጋ ተመመ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ሰፈረ። ከሥር ሲቦረቦር መሬቱ ሰመጠ፣ የመታጠቢያዎቹ ሕንፃዎች ተሰነጣጠቁ፣ ምንጮቹ ጠፉ። በ1990ዎቹ ሕክምናው ተዘጋ። ውሃው ሄደ፣ «ዝድሩይ» የሚለው ቃል ግን ከስሟ ጫፍ አልተነሣም።

አዲስ አበባም እኮ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃው ዳር ቤት ማሠራት ስለወደዱ ነው። ፍልውሃችን እስከ ዛሬ የሚፈላው ምናልባት ከሥሩ የድንጋይ ከሰል ስላልተገኘ ይሆናል ብዬ ለልጄ ነገርኩት። እሱ ግን ራበኝ አለ።

ምግቡን በአጭሩ ልናገር። ከመናፈሻው ብዙ ሳንርቅ አንድ ምግብ ቤት ገባን። የአካባቢው የእሑድ ምሳ የሚባለውን አዘዝን፦ ተጠቅልሎ የበሰለ የበሬ ሥጋ፣ ከድንች የተድቦለቦለ መሐሉ በአውራ ጣት የተጠቀጠቀ ሙልሙል የመሰለ ነገር፣ ቀይ ጥቅል ጎመን። ጥንቃቄ ለምትፈልጉ፦ በበሬው ሥጋ ጥቅል ውስጥ የአሳማ ሥጋ ቁራጭ ይደብቁበታል። ልጄ አስቀድሞ ጠይቆልኝ ያለሱ አምጡልን ብንልም፣ አስተናጋጁ «እሺ» ብሎ ሄዶ ያንኑ ይዞ መጣ። ስንመልሰው ሌላ ለማምጣት አርባ ደቂቃ ፈጀ፤ ይቅርታም አልጠየቀ። ሁለተኛው ሲመጣ ድንቹ ቀዝቅዞ ነበር። የድንቹ ጉድጓድ ግን ብልሃት ነው፤ መረቁ እዚያ ይጠራቀማል። ባለቤቴ ጨጨብሳ ስትሠራ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ብታበጅለት ቅቤው አይፈስም ነበር። ሻይው በክር ከታሰረ ከረጢት ጋር በብርጭቆ መጣ፤ ቅርንፉድ የለ፣ ጦስኝ የለ። ቀይ ጎመኑ ጣፋጭ ነው፤ ጎመን ለምን እንደሚጣፍጥ አልገባኝም። ለሁለት ሰው ከመቶ ዝሎቲ በላይ ከፈልን። ለአርባ ደቂቃው ስል ሁለተኛ አልገባበትም።

ከምሳ በኋላ ልጄ አዘነልኝ መሰል፣ «አባዬ፣ መታጠቢያ ቤት ከሆነ የፈለጉት አንድ አለ፤ እሱን ላሳይዎት» አለኝ። ፎጣው እንደገና ተስፋ አደረገ።

ወሰደኝ ወደ ሞሽቼኒትሳ። እዚያ በ1960ዎቹ የተከፈተና አሁን የተዘጋ ማዕድን ነበር፤ የማዕድን ሠራተኞቹ ከጉድጓድ ሲወጡ ይታጠቡበት የነበረው ትልቅ ሕንፃ ታድሶ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል። ውሃ እዚህም የለም። ነገር ግን ለመካኒክ ሰው ከውሃ የሚበልጥ ነገር አለ።

ጣሪያው እንደ ቤተ ክርስቲያን ከፍ ያለ አዳራሽ አስቡ። ከጣሪያው ሰንሰለት ይወርዳል፣ ሰንሰለቱ በመዘውር ያልፋል፣ ጫፉ ላይ ብዙ ጣት ያለው መንጠቆ አለ። አንድ ሠራተኛ አንድ ሰንሰለት አለው። ጧት ሲመጣ የቤት ልብሱን መንጠቆው ላይ ይሰቅልና ሰንሰለቱን ስቦ ወደ ጣሪያ ያወጣዋል፣ ከታች በቁልፍ ይቆልፈዋል፣ የሥራ ልብሱን ለብሶ ይወርዳል። ሲመለስ እርጥቡንና ጥቁሩን ልብስ ይሰቅላል፤ ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ እዚያው ጣሪያ ሥር ሲደርቅ ያድራል። ቁም ሣጥን አያስፈልግም፣ ወለሉ ነፃ ነው፣ ለመጥረግ ይመቻል፣ ሌባ ቢመጣ መሰላል ይዞ መምጣት አለበት። የሠራሁባቸውን የሽመና መኪናዎች ሁሉ አስታወስኩ፤ እንዲህ በቀላሉ የሚሠራ ነገር የቀየሰ ሰው ዘይት የነካው እጅ እንዳለው አልጠራጠርም። ሰዓቱ ሲያልቅ ጠባቂዋ ናት ያስወጣችን። በዚያ ቀን ካየሁት ሁሉ ይህኛው ከፍተኛውን ነጥብ ይወስዳል። አንድ ጉድለት ብቻ፦ በአዳራሹ ውስጥ መቀመጫ አነስተኛ ነው።

እዚያው ደጃፍ ላይ አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጁን ይዞ ቆሞ ነበር። በርኖሴን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየና ቀርቦ ልዳስሰው ብሎ በእጁ ጠየቀ። ዳሰሰው። ከምን እንደተሠራ ጠየቀኝ። «የበግ ጸጉር ነው፤ የመንዝ በግ» አልኩት። ልጄ መንዝን እንዴት አድርጎ እንደተረጎመው እንጃ፤ ሽማግሌው ግን «ተራራ፣ ብርድ» እያለ ራሱን ነቀነቀ። ጉልበቱን በመዳፉ ያሻል። ቁርጥማት ቋንቋ አያስፈልገውም፤ እኔም የራሴን አሻሸሁ። ጨዋታ ተጀመረ።

ሰውየው በሌላ ማዕድን ነው የሠራው፤ ያኔ ማኒፌስት ሊፕትሶቪ ይባል በነበረው፣ አሁን ዞፍዩፍካ በሚባለው። ስለ ውሃው ጠየቅኩት፤ ትከሻውን ነቀነቀ። እሱ ሲመጣ ሃያ ዓመቱ ነበር፣ የመጣው ለቤት ነው፣ ጨው ውሃ ለሽማግሌዎች ነበር። ስለ ፈረቃ ስጠይቀው ግን ዓይኑ በራ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ አራት ቡድን የሚሉትን አሠራር አምጥተውባቸው ነበር። ሠራተኛው በአራት ይከፈላል፣ ሦስቱ ይሠራሉ፣ አንዱ ያርፋል፤ ጉድጓዱ ግን ቅዳሜም እሑድም አያርፍም። የአንተ ዕረፍት ማክሰኞ ይውላል፣ ልጆችህ ትምህርት ቤት ናቸው። በሚቀጥለው ሐሙስ ይሆናል፣ ሚስትህ ሥራ ናት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል አንተ ከመሬት በታች ነህ። ሰውየው ይህን ሲናገር ልጄ እየተረጎመልኝ ነበር፤ እኔ ግን ከትርጉሙ ቀድሜ እየገባኝ ነበር። የእኔ ልጆች በሹክሹክታ ማውራት የተማሩት እኔ ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ ቀን ስተኛ ነው። ይኸው ልጄ፣ አሁን የሚተረጉምልኝ፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላው በጣቱ ጫፍ መራመድ ያውቅ ነበር። በዚያች ደጃፍ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኩት። «አስታውሳለሁ» አለኝ። የሚያስታውስ አልመሰለኝም ነበር።

በ1980 ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ሌሎቹ የፖላንድ ከተሞች በወደብ ሠራተኞች አድማ ሲናወጡ፣ የሰውየው ማዕድንም ሥራ አቆመ። ሌሎቹ ማዕድኖች ተከተሉ። ሽቼችንና ግዳንስክ ላይ ስምምነት ከተፈረመ ከጥቂት ቀን በኋላ፣ መስከረም 3 ቀን (በእኛ ነሐሴ 28 ቀን 1972 መሆኑን ከቤት መጥቼ አስልቻለሁ) እዚያው ማዕድን ውስጥ ሦስተኛው ስምምነት ተፈረመ። አራት ቡድን እንዲቀር፣ ከሚቀጥለው ጥር ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት እንዲሆን ተስማሙ። እኔ ስለ ፖላንድ የማውቀው ግዳንስክንና ባለ ሪዙን የመርከብ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቫዌንሳን ብቻ ነበር፤ በሬዲዮ ስንሰማው ያደግን ነን። ቅዳሜን በስሙ ጠርቶ የተደራደረ ከተማ መኖሩን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

«ታዲያ ውሃውን ወሰዱ፣ ቅዳሜን ሰጧችሁ» አልኩት።

ልጄ ሲተረጉምለት ሽማግሌው ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁን አቆመና በዞፍዩፍካ ስለሞቱት ነገረኝ። በ2018 ግንቦት 5 መሬቱ ተንቀጥቅጦ አምስት ሰው ሞተ። በ2022 ሚያዝያ 23 ጎህ ሳይቀድ እንደገና ተንቀጠቀጠ፣ ሚቴን ጋዝ ለቀቀ፣ አሥር ሰው ሞተ። ቤት ተመልሼ የቀን መቁጠሪያ ገለበጥኩ፤ ሁለቱም ቅዳሜ ናቸው። ሁለተኛው ለእኛ ቀዳም ስዑር ነበር። ስምምነት ቢፈረምም ቅዳሜ ከመሬት በታች የሚወርድ ሰው እንዳልጠፋ ሽማግሌው ሳይነግረኝ ነው የገባኝ። ለዚህ ነጥብ መስጠት አልችልም።

ለጎብኚ የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮች፦ ከተማዋ በመረብ ኳስ የታወቀች ናት፤ ያስትሼምብስኪ ቬንግዬል የሚባለው ቡድኗ በ2021፣ በ2023 እና በ2024 የፖላንድ ሻምፒዮን ሆኗል። «ቬንግዬል» የድንጋይ ከሰል ማለት ነው፤ ልጄ ትኬት ልግዛልዎት ሲለኝ ተቀምጦ መዋል ለጉልበቴ አይሆንም ብዬ እምቢ አልኩ፣ አሁን ይቆጨኛል። የአፓርታማዎቹ ሰፈር እንደ ብሎኬት የተደረደረ ነው፣ በመሐላቸው ግን ሣርና ዛፍ አልጠፋም። ሕፃናት ላሏችሁ መናፈሻው ይበቃል። ፎጣ አትያዙ።

ውሃ ብቻ ለምትፈልጉ ደግሞ ከዚያው ብዙ ሳይርቅ ጎቻውኮቪትሴ-ዝድሩይ የምትባል ሌላ መንደር አለች፤ እሷ ስሟንም ውሃዋንም ይዛ ቆይታለች። ልጄ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወሰደኝ። ጨው ውሃ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ተኛሁ፣ ጥቁር ጭቃ ጉልበቴ ላይ ለጠፉልኝ። ሁለት ቀን ቀለል አለኝ፣ በሦስተኛው ተመለሰ። ሸንኮራ ከዚህ የተሻለ ጊዜ ሰጥቶኛል፤ በእርግጥ ሸንኮራ ስሄድ ዕድሜዬም ያነሰ ነበር። ስለዚያች መንደር ሌላ የምለው የለኝም፤ ሁሉም ነገር በቦታው ነው፣ ሠራተኞቹ ጨዋዎች ናቸው፣ ማንም ሰው በርኖሴን አልዳሰሰም።

ያን ሽማግሌ ግን ከመለየታችን በፊት አንድ ነገር ተስፋ ሰጥቼዋለሁ። በርኖሴን ልስጥህ አልኩት፣ አይሆንም አለ፤ ለጉልበቴ የሚሆን ብርድ ልብስ ግን ካላችሁ አለ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከሽመና መኪና ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የለም አልልም። አገሬ ስመለስ ከመሐል ሜዳ ገበያ ጥቁር ባና አስመርጬ አስመጣሁ፤ ወፍራም ነው፣ ሁለት ጊዜ አስረግጬዋለሁ፣ ውሃ አያስገባም። ፖስታ ቤት ስጠይቅ የመላኪያው ዋጋ የባናውን ዋጋ እጥፍ ሆነ። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲደውል «ሽማግሌው ጠየቁ» ይለኛል፤ ስልክ ተለዋውጠዋል ለካ። ባናው ሳሎን ወንበር ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል፣ ድመቷም ወዳዋለች። ከደብረ ብርሃን ወይም ከአዲስ አበባ ወደ ካቶቪትሴ የሚጓዝ ሰው ካለ፣ በሻንጣው ውስጥ የሦስት ኪሎ ቦታ ቢተርፈው ከዚህ ሥር ይጻፍልኝ።